የጉድጓዳችን ዲጂታል መለኪያ፦ ከ14 ወር በኋላ

ዋናውን ከፊት ልናገር፤ ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል። የጋራ ጥልቅ ጉድጓድ ያላችሁ ሰፈሮች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚነግረውን ይህን መለኪያ አስገጥሙ። እኛ ካስገጠምን 14 ወር ሆነን፣ አንድም ፓምፕ አልተቃጠለብንም። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ሁለት ተቃጥሎብን ነበር። ዕቃውም የገጠሙልን ሰዎችም ጉድለት አላቸው፤ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ ከሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። በማኅበር የተሠራ ሰፈር ነው፤ 130 አባወራ። ውሃችን የሚወጣው ከራሳችን ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ 186 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ፓምፑ 118 ሜትር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ የውሃ ባለሙያ አይደለሁም፤ እዚህ የምጽፈውን ያወቅሁት ግራፉን በየቀኑ እያየሁ፣ ያልገባኝን ደግሞ የሚያውቅ ሰው እየጠየቅሁ ነው።

ያኔ የሆነው እንዲህ ነው። መጋቢት ላይ ፓምፑ ተቃጠለ። ኤሌክትሪሻኑ መጣና «መብራቱ ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል» አለን። አመንነው። አዋጥተን አዲስ ገዛን፣ ስታቢላይዘርም ጨመርንበት። ግንቦት ላይ አዲሱም ተቃጠለ። በሁለቱም ጊዜ ሲደመር ለ19 ቀን በቦቴ ነው ውሃ የጠጣነው። ቦቴ በሚመጣበት ቀን እናቶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ጀሪካን ያሰልፉ ነበር። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለች አራስ የልጇን ጨርቅ ለማጠብ የታሸገ ውሃ ስትገዛ አይቻለሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። በስብሰባው ላይ ሁሉም ስለ መብራቱና ስለ ፓምፑ ማርክ ሲከራከር ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚያውቅ አለ?» አሉ። ማንም አላወቀም። ወደ ሮቶው የሚገባውን ቆጣሪው ይነግረናል። በየቤቱ የሚፈሰውንም ቆጣሪ ያነበዋል። ጉድጓዱን ግን ከተቆፈረበት ቀን ጀምሮ አንድ ሰው እንኳን ለክቶት አያውቅም። አንድ ቁጥር ብቻ ነበረን፤ ቆፋሪዎቹ ሲያስረክቡን የሰጡን ወረቀት ላይ ያለው።

እንግዲህ ዕቃው ምንድን ነው? ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር፣ ዝገት የማይነካው የብረት ሲሊንደር ነው። በገመድ ታስሮ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ የእኛ 115 ሜትር ላይ ነው። የሚለካው ከላዩ ያለውን ውሃ ክብደት፣ ማለትም ግፊቱን ነው። 10 ሜትር ውሃ ወደ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይጠጋል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ወርዷል፣ ሲጨምር ወጥቷል ማለት ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በየ15 ደቂቃው ይለካል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲም ካርድ ያለበት ትንሽ ሳጥንና መዳፍ የምታክል ሶላር አለች፤ በየ6 ሰዓቱ የሰበሰበውን ይልካል፣ እኛም ስልካችን ላይ እናየዋለን። በዓለም ላይ የካናዳው ሶሊንስትና የሆላንዱ ቫን ኤሰን በዚህ ዓይነት ሴንሰር የታወቁ ናቸው። የእኛ የእነሱ አይደለም። የገጠመልንን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ የማማርርበት ነገር አለኝ፣ እነሱም ከዚያ ውስጥ ብዙውን አስተካክለዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዕቃውና ገጠማው አንድ ላይ አንዱ የተቃጠለ ፓምፕ ከወጣበት ገንዘብ ግማሽ አልሞላም። ይህ ግን እነሱ የነገሩን ዋጋ ነው። ያልነገሩን ሌላ ነበር።

ሴንሰሩ ከፓምፑ ቱቦና ከኤሌክትሪክ ገመዱ ጋር እንዳይጠላለፍ ለብቻው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው መውረድ ያለበት። በደንብ የተሠራ ጉድጓድ ይህ የመለኪያ ቱቦ ከመጀመሪያው ይገጠምለታል። የእኛ የለውም። ይህን ያወቁት ደግሞ ሊገጥሙ በመጡበት ቀን፣ የጉድጓዱን ክዳን ፈትተው ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከነቱቦው መውጣት ነበረበት። ክሬን ተከራየን። ሙሉ ቀን ፈጀ፣ ሰፈሩም ሁለት ቀን ውሃ አላገኘም። ቀድመው አንድ ሰው ልከው ክዳኑን ቢያስከፍቱ ኖሮ ክሬኑን በአንድ ወገን፣ የፓምፑን ሰርቪስ በሌላ ወገን አስተባብረን በአንድ ወጪ እንጨርሰው ነበር። እናንተ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ጉድጓዳችን የመለኪያ ቱቦ አለው ወይ? አዲስ የምታስቆፍሩ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ውሉ ላይ ይጻፍ። ሲቆፈር የሚጨምረው ወጪ ከክሬኑ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ችግር የገባኝ በገጠሙ ማግሥት ነው። ባለሙያው ልጅ ዲፕ ሜትር ይዞ መጣ። ዲፕ ሜትር ማለት በጥቅልል ያለ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ሜትር ነው፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ላዩ ላይ ያለው ጩኸት ያሰማል። ፓምፑ ከጠፋ ሙሉ ሌሊት ሆኖታል። ልጁ ጥቅልሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ለቀቀው። ዘበኛችን ጋሼ አጎንብሰው ጆሯቸውን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠግተዋል። ሜትሩ እየተፍተለተለ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ጢጢ አለ። ከፍ አደረገው፣ ዝም አለ። ዝቅ አደረገው፣ ጢጢ። አውራ ጣቱን ሜትሩ ላይ ይዞ አነበበው፤ 74 ሜትር ከ5 ሳንቲም። ጋሼ «እዚያ ድረስ ነው እንዴ የሚወርደው?» አሉ። ስምንት ዓመት ጠብቀውታል፣ ውሃው የት እንዳለ የሰሙት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ስልኬን አየሁ። አፑ 76 ሜትር ከ40 ይላል። የሁለት ሜትር ከ35 ሳንቲም ልዩነት! ልጁ «ትንሽ ልዩነት ያለ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት ሳይገለጽ አይዘጋም። ሁለት ቀን ተደዋወልን። በመጨረሻ ያገኘነው ምክንያት ይህ ነው፦ ሴንሰሩ የሚሰማው የውሃውን ግፊት ብቻ አይደለም፣ በውሃው ላይ የተጫነውን አየርም ይጨምራል። ስለዚህ ከተለካው ላይ የአየሩ ግፊት ተቀናሽ መሆን አለበት። ሲስተሙ ሲመጣ የተሞላው በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ነበር፣ 1013 ሄክቶፓስካል። እኛ ያለነው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብለን ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ 780 ገደማ ነው። ሲስተሙ ከሚገባው በላይ ስለቀነሰ ውሃው ካለበት ዝቅ ብሎ ይታየው ነበር። አስተካከሉት፣ አፑና ሜትሩ ገጠሙ።

ይህን በዝርዝር የጻፍሁት ለማማረር አይደለም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ይህን ዕቃ የሚያስገጥም ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል ስሕተት ስለሆነ ነው። አስቡት፤ እንዲህ የተሳሳቱ መቶ ጉድጓዶች መረጃቸውን ወደ አንድ ቦታ ቢልኩ፣ የአገር ውሃ በተሳሳተ ቁጥር ሊታቀድ ነው። ስለዚህ በእጅ ሳይለካ አትረከቡ። እኛ አሁን በየሦስት ወሩ ዲፕ ሜትር እናወርዳለን፣ ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ ጋሼ ይፈርማሉ። የተሻለው መፍትሔ የአየሩን ግፊት ለብቻው የሚለካ ሁለተኛ ትንሽ ሴንሰር ከላይ ማድረግ ነው፤ በኋላ ጨምረውልናል። የአየር ግፊት እኮ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል። ሴንሰሩን ከመጨመራችን በፊት ግራፉ ላይ በየቀኑ የሦስት የአራት ሳንቲም ሞገድ ይታየን ነበር፤ ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው የሚንቀሳቀስ መስሎን ስንገረም ከርመናል። ያ አየሩ ነበር።

ሌላው ሰዓቱ ነው። አፑ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰዓቱም የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ። አንድ ሌሊት ለጋሼ ስልክ «ውሃው ወርዷል» የሚል መልእክት 02:00 ላይ ደረሰ። ጋሼ ጠዋት አዩት፤ «የዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት» ነው ብለው ገና ሰዓቱ አልደረሰም ብለው ተውት። የነበረው ግን ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ጥፋቱ የጋሼ አይደለም። ማንቂያ የሚላከው ለሚሰማው ሰው ከሆነ፣ በሚሰማው ቋንቋና በሚያውቀው ሰዓት መሆን አለበት። ደጋግመን ተናግረን መልእክቱን በአማርኛ አደረጉልን፣ «ሌሊት 8 ሰዓት» ተብሎ ይመጣል አሁን። አፑ ራሱ ግን እስካሁን እንግሊዝኛ ነው፣ ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። ግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሳምንት ሆኖ ሳየው ተስፋም ድንጋጤም ነው የተሰማኝ። ያኔ ፓምፑን ሌሊት አስነስተን ስድስት ሰዓት በተከታታይ ነበር የምናሠራው። መስመሩ ፓምፑ እንደተነሳ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ግን አይቆምም። በስድስተኛው ሰዓት 113 ሜትር ላይ ደረሰ። ፓምፑ ያለው 118 ላይ ነው። የቀረን አምስት ሜትር! ይህ ደግሞ በጥቅምት፣ ክረምቱ ገና በወጣበት። በጋ ላይ ውሃው ራሱ አምስት ሜትር ዝቅ ይላል። ሒሳቡን መሥራት ነው፤ መጋቢትና ግንቦት ፓምፖቻችን ያለ ውሃ እየተሽከረከሩ ነው የተቃጠሉት። መብራቱም የራሱ ችግር ይኖረው ይሆናል። እኛ ያቃጠልናቸው ግን ጉድጓዱ ከሚችለው በላይ ስንስብ ነው።

ባለሙያዎቹ ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው የሚረጋበትን ስታቲክ፣ ፓምፑ እየሠራ የሚወርድበትን ዳይናሚክ ይሉታል። ለእኛ ዋናው ትምህርት በሁለቱ መካከል ያለው ሩጫ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ነው የሚመለሰው፤ በአንድ ሰዓት አብዛኛውን ይመልሳል፣ የቀረውን ለመመለስ ግን ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስድስቱን ተከታታይ ሰዓት ትተን ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት አደረግነው። ሌሊት ከ9 እስከ 12፣ ቀን ከ6 እስከ 9፣ ማታ ከ2 እስከ 5። ቫልቩንም ትንሽ አጠበብነው፤ በሰከንድ 3 ሊትር ይሰጥ የነበረው 2.4 ሆነ። እዚህ ላይ የገረመኝ ነገር አለ። ፍሰቱን በአንድ አምስተኛ ስንቀንስ የውሃው መውረድ በአንድ አምስተኛ ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ ከዚያ በላይ ነው፤ ከ39 ሜትር ወደ 27 ሜትር። ውሃው በጉድጓዱ ወንፊት በፍጥነት ሲገባ ይታገላል፣ ያ ትግል ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር እጥፍ ድርብ ይሆናል አሉኝ። ዞሮ ዞሮ በቀን የምናገኘው ውሃ ጨመረ። ቀድሞ 65 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፣ አሁን 78 ገደማ። በዝግታ ስበን ብዙ አገኘን።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዓላማችሁ ፓምፑ ደርቆ እንዳይቃጠል ብቻ ከሆነ፣ ፓናሉ (የፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን) ላይ የሚገጠም የደረቅ መከላከያ አለ፤ ውሃ ሲያጣ ራሱ ያጠፋዋል፣ ዋጋውም ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የእኛ ፓናል አልነበረውም፣ አሁን አስገብተናል፣ ሁለቱም ይኑራችሁ። መከላከያው ፓምፑን ያድናል። ጉድጓዱ ለምን እንደደረቀ ግን አይነግራችሁም።

ለምን የሚለውን ያየነው ቅዳሜ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ግራፉን ስመለከት በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ፣ የእኛ ፓምፕ ጠፍቶ ሳለ፣ ውሃው አንድ ሜትር ከ80 ይወርድና እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሳይሆን በተከታታይ አምስት ቅዳሜ። ሴንሰሩ ተበላሽቶ መሰለን፣ ዲፕ ሜትር አወረድን፣ ልክ ነው። ቲቸር ወጥተው በእግራቸው ሰፈሩን ዞሩ። ከእኛ 300 ሜትር በማይሞላ ርቀት የብሎኬት ማምረቻ አለ፤ ለሰኞ ሥራ ታንከራቸውን የሚሞሉት ቅዳሜ ማታ ነው። እኛ ስለ እነሱ ጉድጓድ አናውቅም ነበር፣ እነሱም ስለ እኛ። ከመሬት በታች ግን ከአንድ ማድጋ ነው የምንቀዳው። ቲቸር ግራፉን ይዘው ሄደው ባለቤቱን አነጋገሩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ተቆጥቶ አልተቀበላቸውም። የእሱ ፓምፕ በሚሠራበት ሌሊት የእኛን ፈረቃ በሁለት ሰዓት ገፋ አደረግነው፤ በቃ፣ ተፈታ።

ይህንን ካየሁ ወዲህ ነው ጉዳዩ ከሰፈራችን በላይ መሆኑ የገባኝ። የከርሰ ምድር ውሃ አጥር አያውቅም። በዚህ አካባቢ ውሃው በአጠቃላይ ከሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ወገን፣ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሌላው ትልቅ ምንጭ የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ነው፣ ከእኛ ሰፈር የማይርቀው። እንግዲህ እኛ፣ የብሎኬት ማምረቻው፣ ፋብሪካዎቹ፣ የማኅበር ቤቶቹና የከተማው ጉድጓዶች ሁላችንም ከዚሁ ከመሬት በታች ነው የምንቀዳው። ግድብ ሲጎድል በዓይን ይታያል፤ ጭቃው ይገለጣል፣ ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ዜና ይሆናል። ጉድጓድ ሲጎድል ግን ፓምፑ እስኪቃጠል የሚያይ የለም።

ሕጉ ይህን ቀድሞ አይቶታል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን የውሃ ሀብት፣ ከምድር በላይም በታችም ያለውን፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ይለዋል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅም፣ እንደ እኛ ላለው ጥልቅ ጉድጓድ ግን ይጠየቃል። ጥሩ ነው። ግን ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዴት እንደዋለ የሚነግር ነገር ከሌለ ወረቀቱ ብቻውን ውሃ አይጠብቅም። ሚኒስቴሩ፣ የአዋሽ ተፋሰስን የሚከታተሉ ሰዎች፣ የከተማው ውሃ ባለሙያዎች ውሳኔ የሚሰጡት ባላቸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ያለው እኔ ስልክ ውስጥ ነው።

ሌሎች አገሮች ወደዚህ ሄደዋል። ህንድ በዓለም ላይ ከርሰ ምድር ውሃ በብዛት በመሳብ አንደኛ ናት፤ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አታል ቡጃል የሚባል ፕሮግራም ጀምራ መንደሮች የራሳቸውን ውሃ ራሳቸው እየለኩ እንዲያቅዱ፣ ዲጂታል መለኪያም እንዲገጠም አድርጋለች። ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2014 በድርቁ መሀል ከርሰ ምድር ውሃን የሚያስተዳድር ሕግ አወጣች። እዚሁ አገራችንም አፋር ላይ በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ መሥራት አለመሥራታቸውን ከርቀት የሚናገሩ ሴንሰሮች ተገጥመው ያውቃሉ፤ ከአዲስ አበባ ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ፓምፕ ሲቆም ሰው ሳይላክ ይታወቃል ማለት ነው። «ሳተላይት አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው አለ። አለ፤ ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ ግሬስ የሚባሉት ሳተላይቶች የምድርን ስበት እየለኩ የውሃ መጨመርና መቀነስን ያያሉ። የሚያዩት ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አካባቢን ነው። የቅዳሜውን የአንድ ሜትር ከ80 ነገር ከሰማይ ማየት አይቻልም። ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ሴንሰር ያስፈልጋል።

በኮሚቴ ደረጃ «ዳታውን ለመንግሥት እንስጥ» ብዬ ሳነሳ ክርክር ተነሳ። አንዳንዱ «ሰጥተን ነገ ክፍያ ቢጭኑብን?» አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ሰው በራሱ ገንዘብ ያስቆፈረውን ነው የሚያስበው። ሌላው «ውሃ አላቸው ብለው መስመር ባያስገቡልንስ?» አለ። ረዥም ሌሊት ነበር። የወሰነው የቅዳሜው ግራፍ ነው። የጎረቤታችንን ባናውቅ ኖሮ ዘንድሮም በጋ ፓምፕ እንቀብር ነበር፤ ታዲያ እኛ የእኛን ካልሰጠን ሌላው የእኛን በምን ያውቃል? በድምፅ አለፈ። አንድ ቢሮ ሄድን፤ አንድ ወጣት ሃይድሮሎጂስት ግራፉን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ግን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። በፍላሽ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ በኢሜይል እልክለታለሁ፤ እሱም ይመልስልኛል፣ አንድ ጊዜ አንድ ቀን የዘለለ መረጃ አግኝቶ ጠይቆኛል። አንድ ሰው በፍላሽ የሚያደርገውን ግን አንድ ሲስተም በራሱ ቢቀበለው፣ የሰፈር ጉድጓድ ሁሉ መላክ የሚችልበት አንድ በር ቢኖር፣ ዛሬውኑ እናስገባለን። ዕቃ ሻጮቹም መረጃውን በራሳቸው ሰርቨር ቆልፈው ከሚይዙት ወደዚያ እንዲልክ አድርገው ቢሸጡ ነው የሚሻለው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ይሁን፦ ዳታው የማን ነው? በኤክሴል ማውረድ እንችላለን ወይ? የእኛ ውል ላይ አልነበረም፣ ተጨቃጭቀን ነው ያስገባነው።

ክረምቱን ሳልነካ አላልፍም። ዝናቡ ሰኔ አጋማሽ ላይ ጀመረ። እኔ በማግሥቱ ግራፉ ላይ ውሃው ሲወጣ አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። እንዲያውም እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ወረደ፤ 79 ሜትር ላይ ደረሰ። ከዚያ ቆመ። ነሐሴ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ፣ ከፍ ያለው ኅዳር ላይ ነው፣ ዝናቡ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ። ከላይ የጣለው ዝናብ በአፈሩና በድንጋዩ ስንጥቅ እየተንጠባጠበ እኛ ጋ እስኪደርስ ይህን ያህል ጊዜ ይወስድበታል። ከፍ ያለውም 74 ሜትር ከ90 ላይ ነው እንጂ እንዳምናው 74 ከ5 አልሆነም። 85 ሳንቲም ጎድሏል። በአንድ ዓመት ብቻ ጉድጓዳችን እየደረቀ ነው ብዬ አልደመድምም። የአምስት ዓመት ግራፍ፣ የሃያ ጉድጓድ ግራፍ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ግን ይታወቃል። በየሰፈሩ እንዲገጠም የምወተውተው ለዚህ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ባትሪው ደህና ነው፣ በክረምቱ ደመና ሶላሯ ብትደክምም አልጠፋም። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሳጥኑ መረጃውን ያስቀምጥና ሲመለስ አንድ ላይ ይልካል፣ ይህን ወድጄዋለሁ። ሲም ካርዱ ላይ ገንዘብ ሳንሞላ ረስተን 11 ቀን ዝም ብሎብናል፤ የተለካው አልጠፋም ግን ማንቂያ አልደረሰንም። መጀመሪያ አንቴናው ብረት ሳጥን ውስጥ ስለነበር ሲግናል ይዞ አያውቅም ነበር፣ ወደ ውጭ ሲያወጡት ተስተካከለ። የውሃ ጥራት አይለካም፤ ጨውነቱን የሚለካ ተጨማሪ አለ፣ እሱም ቢሆን ፍሎራይድ ወይም ጀርም አይነግራችሁም፣ ላቦራቶሪ መላካችሁን አታቁሙ። የድርጅቱ ስልክ ይነሳል። ቴክኒሻን ለማምጣት ግን አንዴ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል።

ለዕቃው ከአምስት አራት፣ ለገጠማው ሁለት ከግማሽ፣ ከገጠሙ በኋላ ላለው አገልግሎት ሦስት ሰጥቻለሁ።

ትናንት የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት ደወለ፣ እሱም ሊያስገጥም ነው። የእሱ ጉድጓድ የመለኪያ ቱቦ አለው፤ ቆፋሪው ከጅምሩ አድርጎለታል። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዲፕ ሜትራችንን ይዘን እንሄዳለን። ጋሼም «እኔ ነኝ የምለካው» ብለዋል።